ለአንድ ሰዓት ስብሰባ አዲስ አበባ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ከቅጥር ወጥቼ በግሌ መሥራት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ደንበኞቼ ድሬ ብቻ አይደሉም። ሐረር የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ አሉ፣ ጅግጅጋ የምግብ ሸቀጥ የሚያከፋፍሉ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፣ ጭሮ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። አዲስ አበባ ደግሞ የምሥራቁን ሥራ ሲያገኝ ለእኔ የሚያካፍለኝ የኦዲት ድርጅት አለ።

ሁሉም «ነይ» ይሉኛል። ጅግጅጋዎቹ በየወሩ ካልመጣሽ ይላሉ። አዲስ አበባዎቹ ለአንድ ሰዓት ስብሰባ ይጠሩኛል። አዳማና ቢሾፍቱ የሦስት ቀን ሥልጠና አለ፣ አበል አለው፣ ነይ ይባላል። ተመልሼ ስመጣ የደንበኞች ደረሰኝ በካርቶን ተከምሮ ይጠብቀኛል፤ ሌሊቱን እሠራለሁ። ትንሽ ልጅ አለችኝ፣ የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው፤ እሳቸውም ደክመዋል። ባለቤቴ «ሥራሽ መንገድ ነው ወይስ ሒሳብ?» ብሎኛል። ካልሄድኩ ግን ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል ብዬ እፈራለሁ። የቱን ልሂድ፣ የቱን ልተው? ለጉዞውስ ቀን ክፈሉኝ ብል ገንዘብ ወዳድ አልባልም?

የሳቢያኗ

መልስ፦ እህቴ፣ ከፍርሃቱ እንጀምር፤ ሻንጣሽን የሚያስይዝሽ እሱ ነውና። በዚህ በምሥራቁ በኩል በግላቸው ሲሠሩ ኖረው ደንበኛ የራቃቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ስብሰባ ላይ ስላልተገኘ ሥራ የተነጠቀ ጥቂት ነው። ሪፖርቱን ስላዘገየ፣ ስልክ ስለማያነሳ፣ ስህተት ያለበት ሥራ ስለሰጠ የተተወ ግን ብዙ ነው። እነዚህ ሦስቱም ደግሞ መንገድ የሚበዛበት ሰው ላይ የሚመጡ ናቸው። አንቺ ሥራ እንዳይወሰድብኝ ብለሽ ስትሄጂ፣ ሥራውን የሚያስወስደውን ነገር እያመጣሽ ነው። ያ በካርቶን የተከመረው ደረሰኝ ከቀረሽበት ስብሰባ ይበልጥ ያስፈራኛል።

እኔ፣ የዚህ ዓምድ የቆዩ አንባቢዎች እንደሚያውቁት፣ የመድን ጉዳት ገማች ነኝ። በጅቡቲ መስመር መኪና ሲገለበጥ፣ ቀፊራ ሱቅ ሲቃጠል፣ መጋዘን ውኃ ሲገባበት እጠራለሁ። የግድ መሄድ ያለብኝንና በስልክ የሚያልቀውን መለየት እንጀራዬ ነው። መለኪያዬ አንድ ጥያቄ ነው፤ እዚያ ብሄድ ገላዬ ምን ይሠራል? ዓይኔ፣ እጄ፣ አፍንጫዬ እዚያ ባይገኙ የሚጎድል ነገር አለ ወይ?

ፍሬቻ ተሰበረ፣ የፊት መስታወት ተሰነጠቀ ከተባልኩ አልንቀሳቀስም። ሹፌሩ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ያነሳል፣ ታርጋውንና ሊብሬውን ጨምሮ በቴሌግራም ይልካል፣ እኔ ከዚራ ቢሮዬ ተቀምጬ እጨርሳለሁ። የስኳር መጋዘን ውኃ ገባበት ሲሉኝ ግን በዚያው ቀን እነሳለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ውኃ ምን እንደሚያደርግ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ያየ ሰው ይገባዋል። ግድግዳው ላይ ውኃው የደረሰበት መስመር አለ፤ እሱን በሜትር እለካለሁ። የታችኛውን ድርድር ጆንያ እዳስሳለሁ፣ ሁለተኛውን እዳስሳለሁ፣ ሦስተኛው ደረቅ ሆኖ ሳገኘው «ሁሉም ተበላሽቷል» የሚለው ወረቀት ዋጋ ያጣል። ሽታውም ይናገራል፤ ትናንት የረጠበ ጆንያና ከወር በፊት የረጠበ ጆንያ አንድ ዓይነት አይሸቱም። ከዚያ ጥበቃውን ለብቻው አነጋግራለሁ። ይህን ሁሉ በፎቶ ማግኘት አልችልም። ፎቶ የሚያነሳ ሰው የሚያነሳልኝ ሊያሳየኝ የፈለገውን ነው።

ይህንኑ ወደ አንቺ ሥራ አምጪው። ሰኔ 30 የዕቃ ቆጠራ አለ። የኦዲት ሥራ ይዘሽ ዕቃው በሒሳቡ ውስጥ ከባድ ቦታ ካለው፣ ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 501 ራሱ ቆጠራው ላይ ተገኚ ይላል። ይህ የሚታለፍ ጉዞ አይደለም። ጅግጅጋ መጋዘን ገብተሽ የሩዝና የዘይቱን ክምር ዙሪያውን ትዞሪያለሽ፣ መሐሉ ባዶ ይሁን አይሁን ታያለሽ፣ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ታገላብጫለሽ። ሁለት ቦታ በአንድ ቀን መገኘት ስለማትችይ፣ የአንዱን ሐምሌ 1 ገና ሱቁ ሳይከፈት በማለዳ እንዲሆን ከሰኔ አስቀድመሽ ተነጋገሪ። የካዝና ቆጠራ፣ ከአዲስ ደንበኛ ጋር የመጀመሪያው መተያየት፣ ወንድማማቾቹ በድርሻ ተጣልተው ሁለቱም ደብተር ይዘው ሲመጡ፤ ለእነዚህም ሂጂ። ለወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ግን ጅግጅጋ ድረስ መሄድ ምን ያደርግልሻል? ማሳወቁ በኢንተርኔት ሆኗል፣ ክፍያው በባንክና በቴሌብር ሆኗል፣ የባንክ መግለጫው በፒዲኤፍ ይመጣል። ደረሰኙን ሱቅ ያለው ልጅ በየሳምንቱ በፎቶ እንዲልክ፣ ዋናውን ደግሞ በታሸገ ፖስታ ከሚታወቅ ሰው ጋር እንዲሰድድ አድርጊ።

አሁን ወንድማማቾቹ በየወሩ የሚፈልጉሽ ለምንድነው የሚለውን እንይ፤ ምክንያቱን ሳታውቂ «አልመጣም» ብትይ ታስቀይሚያቸዋለሽ። ነጋዴ ሒሳቡን የያዘለትን ሰው ማየት ይፈልጋል። በወረቀት የማይጽፈው ነገር አለው፦ ብድር የከለከለው ዘመድ፣ ዕቃ በዱቤ ወስዶ የጠፋ ደንበኛ፣ ሊከፍት ያሰበው ሁለተኛ ሱቅ። ይህን የሚናገረው ሻይ እየጠጣ ነው። ስለዚህ ከጉዞው ላይ ስትቀንሺ ከንግግሩ ላይ አትቀንሺ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛ፣ ደውዪላቸው። ስለ ሒሳቡ ብቻ አይደለም፤ ስለ ቤተሰቡ ጠይቂ፣ ስለ ገበያው ጠይቂ። በየሦስት ወሩ ደግሞ በአካል ሂጂ፣ ስትሄጂም አንድ ሙሉ ቀን ስጪያቸው። በየወሩ መጥታ ሰዓቷን እያየች ከምትሮጥ ሰው ይልቅ፣ በየሦስት ወሩ መጥታ ተረጋግታ የምትቀመጠውን ይመርጣሉ።

ቀኑንም አንቺ ምረጪ። ጅግጅጋ ከድሬ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደንገጎን ወጥተሽ፣ ሐረርን አልፈሽ፣ በባቢሌ ካራማራን ተሻግረሽ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሺ ሰው ሥራ ላይ ሳለ ትደርሻለሽ። ከ4 ሰዓት በኋላ ከተነሳሽ ግን የምትደርሺው ከምሳ በኋላ ነው፤ ያኔ ከተማው አርፏል፣ በርጫ፣ የጫቱ ሰዓት፣ ተጀምሯል፣ እስከ 10 ሰዓት የሚያናግርሽ አታገኚም፤ ከዚያ ይመሽብሻል፣ ማደር ይመጣል። የአንድ ቀኑ ጉዞ በአነሳስ ብቻ የሁለት ቀን ሆነ ማለት ነው። ዓርብ ቀጠሮ አትያዢ፤ ከ5:30 እስከ 7:30 የጁምዓ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ምሳ ነው። በረመዳን ከሆነ ጠዋቱን ብቻ ያዢ። ከታኅሣሥ 17 እስከ 20 ባለው ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ በኩል የሚጠራሽ ማንም ይሁን፣ አልችልም በይ፤ ቁልቢ ገብርኤል ነው። መንገዱ ይዘጋጋል፣ አውሮፕላኑ ይሞላል፣ ድሬ ውስጥ አልጋ አይገኝም። ሐምሌ 19ም እንዲሁ ነው። ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ መገኘትን ደግሞ በየትኛውም ወር፣ በየትኛውም ክፍያ እንድትቀበዪ አልመክርሽም። ልጅ የምትጠብቅሽ ሴት ነሽ።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ያለው የአንቺ መኸር ነው። የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ሒሳባቸውን አዘግተው የሚያሳውቁበት ጊዜ ነውና በእነዚያ ወራት ከቆጠራ በቀር አትንቀሳቀሺ። ሥልጠና በኅዳር ይሁን፣ ትውውቅ በየካቲት ይሁን።

ስለ አዲስ አበባው የአንድ ሰዓት ስብሰባ እርሳስ ይዘሽ አስቢው። ለምሳሌ አንድ የሥራ ቀንሽ 4,000 ብር ያወጣል እንበል። በአውቶቡስ ከሄድሽ 515 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ተሳፍረሽ ቀኑን መንገድ ላይ ትውያለሽ፣ በማግሥቱ ስብሰባውን ትቀመጫለሽ፣ በሦስተኛው ቀን ትመለሻለሽ። ሦስት ቀን፣ 12,000 ብር፤ አልጋና ምግብ ሳይቆጠር። አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰዓቱ ከገጠመልሽ ማታ ልጅሽ ዘንድ ነሽ፣ የጠፋው አንድ ቀን ነው። በሁለቱ መካከል 8,000 ብር አለ። የቲኬቱ ልዩነት ከዚያ በታች ከሆነ የረከሰው አውሮፕላኑ ነው። ብዙ ሰው የአውቶቡሱን ቲኬት ዋጋ አይቶ ቆጠብኩ ይላል፤ የጠፉትን ቀኖች ግን ከኪሱ እንደወጡ አይቆጥራቸውም፣ ማንም ደረሰኝ አይሰጥባቸውምና። በማግሥቱ ደክመሽ ግማሽ ቀን የምትሠሪውንም ጨምሪበት።

ባቡሩስ ትዪኝ ይሆናል። እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፣ ባቡር እወዳለሁ። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ላይ ተቀምጦ ላፕቶፕ ዘርግቶ መሥራት ይቻላል፤ አውቶቡስ ላይ ይህ የለም። ነገር ግን የድሬው ጣቢያ እንደ ድሮው ለገሐሬ መሐል ከተማ አይደለም፣ ወጣ ብሎ ነው፤ አዲስ አበባም ፉሪ ለቡ ነው የሚያወርድሽ። ከዚያ ወደ ቦሌ ወይም ፒያሳ ያለውን መንገድ አስቢበት። የመነሻ ቀኑንም ከመወሰንሽ በፊት ጠይቂ።

የአንድ ሰዓቱ ስብሰባ እንግዲህ ለምን እንደሆነ ጠይቂያቸው። አጀንዳውን በጽሑፍ ይላኩልሽ። «እንዲሁ ለመተያየት ነው» ካሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከሌላ ጉዳይ ጋር አዳምረሽ፣ ተያዪ። የሥራ ድርሻና የክፍያ ውል የሚፈረምበት ከሆነ ሂጂ። በመስመር የማይስማሙበት፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚለዝብ ጉዳይ ከሆነም ሂጂ። የአንቺን ሪፖርት ሊያነቡልሽና አስተያየት ሊሰጡሽ ከሆነ በቪዲዮ ይሁን፤ እንዲያውም ወረቀቱ በእጅሽ፣ ካዝናው በጎንሽ ስለሆነ ድሬ ሆነሽ የተሻለ ትመልሻለሽ።

አበልን ለብቻ አነሳዋለሁ፤ ብዙ ወጣት ባለሙያ የሚያጠምደው ይህ ነውና። አበል ለተቀጣሪ ጥቅም ነው፤ ደመወዙ ቤቱ እየቆጠረ አበሉ በላዩ ይጨመርለታል። ለአንቺ ግን ደመወዝ የሚቆጥርልሽ የለም። አዳማ ሦስት ቀን ሥልጠና ስትቀመጪ፣ ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ቀን ጨምሪና አምስት ቀን ሆነ። የአምስት ቀን አበል ከአምስት ቀን ሥራሽ ጋር ጎን ለጎን ጻፊው። ብዙውን ጊዜ እየተከፈለሽ ሳይሆን እየከፈልሽ ነው የምትሄጂው። ሥልጠናው ሙያሽን የሚያሳድግ ከሆነ፣ ለምሳሌ አዲስ የወጣ የታክስ አዋጅ ወይም ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ላይ ከሆነ፣ አበል ባይኖረውም ሂጂ፣ ከፍለሽም ሂጂ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ የሚስብሽ ፖስታው ብቻ ከሆነ፣ ተዪው፣ እህቴ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፤ ለጉዞ ቀን ማስከፈል ገንዘብ ወዳድ አያሰኝም ወይ? አያሰኝም፤ የሚያሰኘው ከሄዱ በኋላ መጠየቅ ነው። ሰው የሚቀየመው ያልጠበቀውን ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ አስቀድመሽ አስገቢው፦ የጉዞ ቀን የሥራ ቀን ክፍያ ግማሽ፤ ቲኬትና አልጋ በደንበኛው፤ ሁለት ቀን ሲቀረው ከተሰረዘ የተቆረጠው ቲኬት በደንበኛው። ሦስት መስመር ነው። ነባር ደንበኞችሽን ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ ነው ብለሽ በሐምሌ ንገሪያቸው፣ ሁለት ወር ይሰማቸው። ይህን ከጻፍሽ በኋላ አንድ ነገር ታያለሽ፤ «ነይ» የሚለው ራሱ ያስብበታል። የግድ ካልሆነ አይጠራሽም። የአልጋና የምግብ ደረሰኝ ስትቀበዪ በራስሽ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይሁን፤ ይህን ለሒሳብ ባለሙያ መንገር አይገባም፣ ግን የሰው ደብተር የሚያስተካክል የራሱን ይረሳል።

አለመሄድን ስትነግሪያቸው ሰበብ አትፍጠሪ። «ልጄ ታማለች» አትበዪ፤ ድሬ ትንሽ ናት፣ ልጅሽን አሸዋ ገበያ ያያት ሰው ጅግጅጋ ይነግራል። እውነቱን ተናገሪ፣ ከእውነቱ ጋር ግን ሁለት ምርጫ ስጪ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍላቸው ነበር፦ «ወንድሞቼ፣ የዚህን ወር ሒሳብ ረቡዕ ጨርሼ እልክላችኋለሁ። በአካል የምመጣው ለሰኔ ቆጠራ ነው፣ ያን ቀን ሙሉውን የእናንተ ነኝ። ከዚያ በፊት የሚያስቸኩል ነገር ካለ ቅዳሜ በ2 ሰዓት እደውላለሁ፤ ወይም ከእናንተ አንዳችሁ ዕቃ ለመጫን ድሬ ስትመጡ ቢሮዬ ጎራ በሉ፣ ሻዩ የኔ ነው።» ምን እንደምታደርጊላቸው ከላይ ተናግረሻል፣ የማይሆነው ከሥር መጥቷል፣ በሩም አልተዘጋም።

ከዚህ ሁሉ ስሌት ውጭ የማስቀምጠው ጉዞ አንድ አለ፤ ለቅሶ። የደንበኛሽ እናት ሐረር ካረፉ፣ የጅግጅጋዎቹ ታላቅ ወንድም ከሞተ፣ ቀኑን አትቁጠሪ፣ ገላዬ ምን ይሠራል ብለሽ አትጠይቂ። ሂጂ። ሥራ ይቆይ። በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ይርሐመው» ማለት ለሩቅ አገር ሰው ነው፤ ሐረር ለእኛ 55 ኪሎ ሜትር ናት። የሠርግ ጥሪ ደግሞ እንደ ቅርበቱ ነው፤ በዚያ ላይ ራስሽ ፍረጂ።

ሌላም የምለው አለኝ፤ ይህን ለሳቢያኗ ብቻ ሳይሆን ድሬ ሆናችሁ በግላችሁ ለምትሠሩ ሁሉ ነው። ሁልጊዜ ተጓዡ እኛ የምንሆነው ለምንድነው? ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስባት የተቆረቆረች ናት፤ ሰውና ዕቃ ወደ እሷ እየመጣ ነው ያደገችው። የግሪኩ ነጋዴ መጣ፣ አርመኑ መጣ፣ የመናዊው መጣ፣ ሕንዱ መጣ። ዛሬም የአውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ የባቡር መስመር አላት፣ ደረቅ ወደብ አላት፣ ከነሐሴ 2014 ጀምሮ የነፃ ንግድ ቀጠና ተከፍቶባታል። አዲስ አበባ ያለው የኦዲት ድርጅት የምሥራቁን ሥራ የሚፈልግ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ሰው ወደ ድሬ ቢልክ ምን ይጎዳዋል? ጠይቂያቸው። ጥሩ ሰዓት ምረጪላቸው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ሳይሆን በኅዳርና በታኅሣሥ መጀመሪያ። ጠዋት ከደንበኞችሽ ጋር አስተዋውቂያቸው፣ መጋዘኑን አሳዪያቸው፣ ቀትር ላይ አሳርፊያቸው፣ ማታ ከዚራ ጥላው ሥር ቡና አጠጪያቸው። ድሬን ያየ ሰው ለአንድ ሰዓት ስብሰባ 515 ኪሎ ሜትር አቋርጪ ለማለት አፉ አይደፍርም። ብዙዎቻችን ይህን የማንጠይቀው ዋናው ከተማ እዚያ ነው፣ እኛ ጠረፍ ነን ብለን ስለተቀበልን ነው። እኔ አልተቀበልኩትም፣ አንቺም አትቀበዪው።

ለመጀመሪያ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ዛሬ ማታ ልጅሽ ከተኛች በኋላ የሚመጡትን ሦስት ወራት በአንድ ወረቀት ላይ አስምሪ። ቆጠራዎቹን አስገቢ፣ ማሳወቂያዎቹን አስገቢ፣ ቁልቢን አስገቢ፣ ዓርቦቹን ሰርዢ። አማትሽ የሚያርፉባቸውን ቀኖች እሳቸውን ራሳቸውን ጠይቀሽ ጻፊ። ከዚያ በኋላ የተረፈው ክፍት ቦታ ነው ለጉዞ የሚሰጠው። «ነይ» ሲሉሽ ወረቀቱን እያየሽ መልሺ እንጂ ስልኩ ላይ «እሺ» አትበዪ። «እስከ ማታ ልመልስልዎ» ማለት ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ነኝ። የላቦራቶሪና የሕክምና መሣሪያ እጠግናለሁ። ደገሀቡር ካለ አንድ የግል ክሊኒክ ማሽን ቆሞብናል ቶሎ ና አሉኝ። ክፍያው ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ነው ይላሉ። ልሂድ?

መልስ፦ ገና አይደለም ወንድሜ። መጀመሪያ በቪዲዮ ይደውሉልህ። የማሽኑን የጀርባ ሰሌዳ፣ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣውን የስህተት ቁጥር፣ የተሰካበትን ሶኬትና ስታቢላይዘሩን ያሳዩህ። መብራት የሚዋዥቅበት ቦታ ስለሆነ አንዳንዱ ማሽን የሚቆመው ፊውዝ ተቃጥሎ ነው፤ ያን እዚያው ያለው ኤሌክትሪሺያን በአንተ ምሪት ይቀይረዋል፣ ለምክርህም ታስከፍላለህ። ከዚያ ካለፈ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ገምተህ መለዋወጫውን ይዘህ መሄድ አለብህ፤ ባዶ እጅህን ሄደህ «ዕቃ ከአዲስ አበባ ይምጣ» ብትል ሁለት ጊዜ ልትመላለስ ነው። ሐረር እስከ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ ደግሞ እስከ ደገሀቡር፣ በቀላሉ የሚመላለሱበት መንገድ አይደለም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የመለዋወጫውና የመጓጓዣው ሙሉ ገንዘብ ሳትነሳ ይግባ። የምርመራ ክፍያህ ማሽኑ ተነሳም አልተነሳም ያንተ ነው። የጥገናው ክፍያ ብቻ ከተነሳ በኋላ ይሁን። ይህን በቴሌግራም ጽፈህ «ተስማምተናል» የሚል መልስ ሲመጣ ተነሳ። በዚያ ክሊኒክ ታካሚ እየጠበቀ መሆኑን አትርሳ፤ ከተስማማችሁ አታዘግይ።

ጥያቄ፦ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ፈረንሳይኛ አስተረጉማለሁ፤ ቤቴ ገንደ ቆሬ ነው። ጅቡቲ በሐምሌ አንድ የንግድ ስብሰባ አለ፣ በራሴ ወጪ ብሄድ ደንበኛ አገኛለሁ ብለውኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ለአንተ ሙያ ጅቡቲ ቁም ነገር አላት፤ ሦስቱም ቋንቋ የሚፈለግበት ወደብ ነው። ከሐምሌ ጋር ነው ጠቤ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ አቅሙ ያለው ከከተማው ይሸሻል፤ ልታገኛቸው የምትፈልጋቸው ኃላፊዎች አብዛኞቹ ዕረፍት ላይ ናቸው። ኑሮውም ውድ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፣ አሁን አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፤ ስለዚህ የአልጋውንና የምግቡን ወጪ በዶላር አስበህ ከዚያ ወደ ብር አምጣው፤ ከድሬ ኪስ ሲወጣ ይሰማል።

እንዲህ አድርግ። አሁን ከድሬ ሆነህ የትራንዚት ድርጅቶችን ጻፍላቸው፤ ድሬም ጅቡቲም ቢሮ ያላቸው አሉ። የድሬውን ቢሮ በእግርህ ሂደህ አንድ ገጽ የትርጉም ናሙና ስጥ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው «ስትመጣ እናገኝሃለን» ብሎ ቀን ከቆረጠልህ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሙቀቱ ሲበርድ ባቡር ተሳፍረህ ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ውረድ። ቀን የቆረጠልህ ከሌለ ግን ገንዘብህን ያዝ፤ ደብዳቤ መጻፉን ቀጥል። ፓስፖርትህን አሁኑኑ አሳድስ፤ የሚያገለግልበት ጊዜ ከስድስት ወር በታች የቀረው ከሆነ ጠረፍ ላይ ሊያስቸግርህ ይችላል።